ከባሕሪ እስከ ጋምቤላ፦ ክረምት የሚከፍተው የመርከብ መንገድ

ከባሕር ዳር የሚነሣው ዓባይ ባሕሪ ይደርሳል። የሁለቱም ከተሞች ስም ባሕርን ይጠራል፤ ጨዋማው ባሕር ግን ከሁለቱም ሩቅ ነው። የእኛ ሰው ጣናን ባሕር ብሎ ዳሩ ላይ የቆመችውን ከተማ በዚያው ጠራት። ሱዳኖችም ዓባይን ራሱን «ባሕር» ይሉታል። በግብፅና በሱዳን አረብኛ ደግሞ «ባሕሪ» ሰሜን ማለት ነው፤ የሜዲትራኒያን ባሕር ያለው በዚያ አቅጣጫ ነውና። ከካርቱም ፊት ለፊት፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ የተዘረጋችው ከተማም «ካርቱም ባሕሪ» ተብላ ቀረች። ሰሜናዊቱ ካርቱም ለማለት ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን የባሕር ሰፈር የተባለች ይመስላል።

በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ያለውን 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ማንም በመርከብ አይሄድበትም። ጥቁር ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ ከተወረወረ በኋላ ከገደል ወደ ገደል እየተጋጨ የሚወርድ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታንያ የጦር መኮንኖች የተመራ የአሳሾች ቡድን በጀልባ ሊወርደው ሲነሣ እንኳ ጉዞው ታላቅ ፈተና ሆኖበት ነበር። ባሕሪን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው የመርከብ መንገድ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ የሚሄድ ነው። ነጭ ዓባይን ይወጣል፣ ወደ ሶባት ይታጠፋል፣ ባሮን ተከትሎ ጋምቤላ ይገባል። ርዝመቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በዛሬው ዘመን ግን የመርከብ ሽርሽር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህን ሳይሆን ሰሜኑን ነው፤ የኖርዌይን ፍዮርዶች፣ የአላስካን የበረዶ ግግር። መንገደኛው ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሰማያዊው የበረዶ ግድግዳ እየተሰነጠቀ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ያያል፤ በማግሥቱ ከተራራ ሥር በተወሸቀች ትንሽ የወደብ ከተማ ወርዶ ይዘዋወራል። ሲያትል የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እነዚያ ግዙፍ መርከቦች በየበጋው ከከተማቸው ወደብ ወደ አላስካ ሲነሡ ያውቋቸዋል። ነገሩ የሀብታም መዝናኛ ይመስላል። አነሣሡ ግን ሌላ ነበር።

የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ መስመር በ1893 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ለሽርሽር አልነበረም። በክረምት መንገድ ለሚዘጋባቸው የሰሜን ከተሞች ፖስታ፣ ዕቃና ሰው ለማመላለስ ነበር። ዛሬም ከበርገን እስከ ቂርከነስ 34 ወደቦችን ይነካል። በአላስካም የእንፋሎት መርከቦች በ1897 እና በ1898 እ.ኤ.አ. ወርቅ ፈላጊዎችን እያጨቁ ስካግዌይ ያራግፉ ነበር። የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ እስከ ዛሬ ከውጭ በመኪና መንገድ አይገባባትም፤ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ብቻ ነው። ዛሬ ለማየት የሚኬድበት መንገድ መጀመሪያ ለመኖር የተሄደበት ነው። የባሕሪና የጋምቤላ መስመር ታሪክም በዚሁ ይጀምራል።

ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል በይበልጥ የሚታወቀው ከሱዳን ጋር ድንበር ያሰመረ በመሆኑና ስለ ዓባይ ውኃ በያዘው አንቀጽ ነው። አንድ ሌላ አንቀጹ ግን ለምዕራብ ኢትዮጵያ ነጋዴ ከሁሉ የበለጠ ነበር። በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። አገልግሎቱ ለንግድ ብቻ እንዲሆን፣ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። ቦታው ሲመረጥ ከኢታንግ ከፍ ብሎ መርከብ ሊደርስበት የሚችለው መጨረሻ ጋር ሆነ። ጋምቤላ ከተማ የተወለደችው እንዲህ ነው።

የመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ባሕሪ ነበረች። ከግብፅ ድንበር የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 መጨረሻ ባሕሪ ደርሶ ቆመ፤ ጥቁር ዓባይን ተሻግሮ ካርቱም የገባው አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ድልድይ ከተሠራለት በኋላ ነው። ሐዲድና ወንዝ የተገናኙባት ከተማ የመርከብ መሥሪያና መጠገኛ ሆነች። እንግሊዝ አገር ተሠርተው ተፈታትተው የሚመጡ መርከቦች በዓባይ ዳር ይገጣጠሙ ነበር፤ በጥገናም ይታደሱ ነበር። የዚያ ዘመን ምስክር የሆነችው «መሊክ» የተባለችው የጦር ጀልባ ከባሕሪ ማዶ በካርቱም ዳርቻ ትታወቃለች። በለንደን ተሠርታ በ1898 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን ጦርነት ተካፍላለች፤ በ1926 የጀልባ ክበብ ጽሕፈት ቤት ሆነች፤ በ1987 የዓባይ ሙላት አንሥቶ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጣት።

የወንዙ መርከቦች ታችኛው አካላቸው ጠፍጣፋ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚንሳፈፉ፣ ከኋላቸው በሚሽከረከር ትልቅ መንኮራኩር ውኃውን እየቀዘፉ የሚሄዱ ነበሩ። ግራና ቀኝ የጭነት ጀልባዎች ይታሰሩላቸዋል፤ አንዱ ለዕቃ፣ አንዱ ለመንገደኛ፣ አንዱ ለከብት። ለማገዶ በየጣቢያው እንጨት ይጭናሉ። ሲታዩ መርከብ ከመባል ይልቅ አንድ ተንሳፋፊ መንደር ቢባሉ ይቀላል።

ጉዞው የሚጀምረው ሁለት ቀለም ካለው ውኃ ነው። ቱቲ ደሴት አጠገብ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ሲገናኙ ወዲያው አይቀላቀሉም፤ ጎን ለጎን ይፈሳሉ። በነሐሴ የሚያልፍ ሰው በአንዱ በኩል የሚያየው ቡናማ ውኃ የጎጃምና የወሎ አፈር ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ጀበል አውሊያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀው ግድብ እዚያ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ አገር ስደት ተመልሰው ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡበትን ቀን ሲጠባበቁ የተቀመጡትም እዚያው ነበር።

ቀጥሎ የሙጫ ወደብ የነበረችው ዱዌም፣ ከእርስዋ በኋላ የሱዳኑ ማሕዲ በ1881 እ.ኤ.አ. ዓመፁን ያወጀባት አባ ደሴት። ኮስቲ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ነው፤ ሐዲድ ከገባላት በኋላ ለደቡብ መርከቦች ዋና መነሻ እስከ መሆን ደርሳለች። ከሬንክ በኋላ ዳርቻው ሣርና ረግረግ እየሆነ ይሄዳል፤ ጉማሬ፣ አዞ፣ የማይቆጠር የውኃ ወፍ።

ኮዶክ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። የድሮ ስሟ ፋሾዳ ነው። ፈረንሳይና እንግሊዝ በ1898 እ.ኤ.አ. ለጦርነት የተፋጠጡባት ቦታ መሆኗን የአውሮፓ ታሪክ ደጋግሞ ይተርካል። ከፈረንሳዊው መኮንን ከማርሻን ቀድሞ ወደዚያ አካባቢ የደረሰ ጦር እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ደጃዝማች ተሰማ ናደው በምኒልክ ትእዛዝ ሶባትን ተከትለው ያዘመቱት ጦር፣ አንድ ሩስያዊ መኮንንን ጨምሮ ጥቂት አውሮፓውያን ታክለውበት፣ ሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ነጭ ዓባይ ውስጥ ከሚገባበት ደርሶ ባንዲራ ተክሏል። ንዳድ ግን ሰዉን ጨረሰው፤ ጦሩ ተመለሰ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከሳምንታት በኋላ ነው። ተሰማ የጎሬ ገዥ ነበሩ። የእርሳቸው አገር ቡና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦራቸው በተመለሰበት ውኃ ላይ ተጭኖ ወደ ባሕሪ መውረድ ጀመረ።

ከማላካል ጥቂት እልፍ ብሎ መርከቡ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሶባት ይገባል። የነጭ ዓባይ ስም ምንጭም እዚህ ነው ይባላል፤ ሶባት በሙላት ጊዜ የሚያመጣው ነጣ ያለ ደለል ነው ታላቁን ወንዝ የሚያነጣው። አላስካ የሄደ መንገደኛም ወተት የመሰለ ውኃ ያያል። እዚያ በረዶው በክብደቱ ዐለቱን እንደ ዱቄት እየፈጨ ስለሚለቀው ነው። እዚህ ግን የሚያነጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ነው። ከናስር አልፎ ባሮ ይመጣል፤ ኢታንግ፣ ከዚያ ጋምቤላ። መርከቡ ከዚህ በላይ አይወጣም፤ ወንዙ ድንጋያማ ይሆናል።

ባሮ በኢትዮጵያ መርከብ ሊሄድበት የሚችል ብቸኛው ወንዝ ነው፤ የሚቻለውም በክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። ይህ ለነጋዴው እንግዳ የሆነ የቀን አቆጣጠር ሰጠው። በሌላው አገር ክረምት ሲገባ ሲራራ ይቆማል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ ወንዝ አያሻግርም። ጋምቤላ ግን ክረምት ሲገባ ትነቃለች። ቡናው በበጋ በበቅሎና በሰው ጀርባ ከጎሬ በቡሬ በኩል፣ ከደምቢ ዶሎም፣ ቁልቁለቱን ወርዶ መጋዘን ይከማቻል። ቆላው ለበቅሎ አይስማማም፤ ስለዚህ የመጨረሻው መንገድ ከሁሉ የከበደው ነበር። ከዚያ የሰማዩን ዝናብ መጠበቅ ነው። ውኃው ሲሞላ ከባሕሪ አቅጣጫ የመርከብ ጭስ ይታያል፤ ጨው ይራገፋል፣ አቡጀዲ ይራገፋል፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጫናል። ጥቅምት ሳይገባ ያልወጣ መርከብ ውኃው ከሸሸው እስከ መጪው ክረምት አሸዋ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ በዚያች ከተማ የወንዙን ከፍታ መለካት የሂሳብ መዝገብ የማገላበጥ ያህል ሥራ ነበር።

የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ጨው ከቀይ ባሕር ዳር ከፖርት ሱዳን በባቡር መጥቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በኢሉባቦር ወጥ ውስጥ ይገባ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚሁ የምዕራብ ጠረፍ ግንኙነት ላይ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ብቻ ለሚያይ ሰው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ጅቡቲና የምድር ባቡር ብቻ ይመስላል። ለጎሬ ሰው ግን ዓለም የሚከፈተው በባሮ በኩል ነበር።

መንገደኛ የሚያየው ነገርስ ከሰሜኑ ያንሳል? በጋምቤላ ቆላና በደቡብ ሱዳን ቦማ መካከል የሚንቀሳቀሰው የነጭ ጆሮ ቆርኬ ፍልሰት በአፍሪካ ከታላላቆቹ የአራዊት ጉዞዎች አንዱ ነው። በየዳርቻው የኑዌር፣ የሽሉክና የአኝዋክ መንደሮች ይታያሉ። ለመቶዎች ኪሎ ሜትር ጠፍጣፋ የሆነው ምድር በመጨረሻ ከምሥራቅ በኩል ሲሰበርና የኢትዮጵያ ደጋ እንደ ሰማያዊ ግድግዳ ሲነሣ ማየት ከፍዮርድ መግቢያ አያንስም።

የበረዶ ግግርም ቢሆን ከዚህ መስመር ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በባሕሪ ዳር ከሚያልፈው ውኃ ጥቂቱ በረዶ ነበር፤ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ከሚቆሙት የርዌንዞሪ ተራሮች ይቀልጣል፣ በሰምሊኪ ወንዝ አልበርት ሐይቅ ይገባል፣ ከዚያ በነጭ ዓባይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኢጣልያዊው የአብሩትሲ መስፍን ተራሮቹን ሲያስለካ በስድስት ተራሮች ላይ በረዶ ነበር፤ በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቀረው በሦስቱ ላይ ብቻ ነው። በአላስካም ካፒቴን ቫንኩቨር በ1794 እ.ኤ.አ. የበረዶ ግድግዳ ዘግቶት ያገኘው ቦታ ዛሬ መርከብ ሰተት ብሎ የሚገባበት ሰፊ የባሕር ሰርጥ ነው። ያ በረዶ የሸሸው በአብዛኛው ከዘመናችን የአየር ሙቀት በፊት ነው፤ የርዌንዞሪው ግን በዓይናችን ሥር እያለቀ ነው።

የጋምቤላው መስመር የደበዘዘው በውሉ በራሱ ቃል ነው። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፤ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። በደቡብ ሱዳን ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የተነሣው ጦርነት ወንዙን አስፈሪ አደረገው። የመኪና መንገድ ቡናውን ወደ አዲስ አበባ ሳበው። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ራሷን ስትችል ደግሞ አንድ ይመስል የነበረው መንገድ ሦስት አገር ሆነ።

ባሕሪስ? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሱዳን ጦርነት ከተማዋን ክፉኛ ከተመቱ ቦታዎች አንዷ አደረጋት። ከኦምዱርማን ጋር ያገናኛት የነበረው የሸምባት ድልድይ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ወደቀ። የሱዳን ጦር አብዛኛውን የባሕሪ ክፍል መልሶ የያዘው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት በካርቱምና በአካባቢዋ ሠርተው ሲኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በመተማ ተመለሱ፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው ተሰደው መጡ።

በባሮ ላይ መንገደኛ ግን አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ሲገቡ የየብሱ መንገድ ውኃ ውጦት ነበር። ስለዚህ እናቶችና ሕፃናት ከጠረፍ በጀልባ ተጭነው፣ የድሮ የቡና መርከቦች የሄዱበትን ውኃ ይዘው፣ ወደ ኢታንግ ወጡ።