የወጣቱ እሑድ የማን ናት?

ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፣ ስሟን ከዚያው ቅዱስ ተራራ የወሰደችው የደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ያሉት ደጋማ አጥቢያዎች በወጣቶች ዝማሬ ይደምቃሉ። የወጣቱን ጉልበትና ጊዜ የምትሻው ግን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለችም፤ የፖለቲካ ድርጅቶችም አጥብቀው ሽተውታል።

በሀገራችን ጉልሁ ምሳሌ በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ነው። ማኅበሩ ከቀበሌ እስከ ሀገር አቀፍ ደረጃ የተዋቀረ ሲሆን፣ ወጣቱን በሶሻሊዝም ትምህርት ማነጽ ዓላማው ነበር። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር በጎንደር ክፍለ ሀገር የአውራጃ ከተማ ነበረች። በዘመኑ የቀበሌ ስብሰባ ብዙ ጊዜ እሑድ ጠዋት ይጠራ ስለነበር፣ ምእመናን ወጣቶች በቅዳሴና በስብሰባ መካከል ተጨንቀዋል።

እንዲህ ያለው አደረጃጀት በእኛ አልተጀመረም። በጀርመን የናዚ ፓርቲ የወጣቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1926 ተቋቋመ። ፓርቲው በ1933 ሥልጣን ሲይዝ የተቃዋሚዎቹ የወጣት ማኅበራት ታገዱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የፕሮቴስታንት ወጣቶች ማኅበራት ወደ እርሱ እንዲጠቃለሉ ተደረገ፤ በ1939 አባልነት በሕግ ግዴታ ሆነ። ሁለቱ ሥርዓቶች በዓላማ ቢለያዩም፣ ወጣቱን የያዘ ነገን ይይዛል በሚለው ሐሳብ ይገናኛሉ።

ወጣቱ የሄደው ግን በፍርሃት ብቻ ነበርን? አልነበረም። ሥራና ኃላፊነትም ተሰጥቶታል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ወጣቶችን የአባቶቻቸው መምህራን አድርጓቸዋል። ሰው ደግሞ በሚፈለግበት ቦታ መገኘትን ይወዳል።

ይህን አበው አስቀድመው ያውቁት ነበር። በዚሁ በደቡብ ጎንደር በቤተ ልሔም የድጓ፣ በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ ቤቶች፣ የቀደመው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ገና ሳይመረቅ ኃላፊነትን ይለማመዳል። አኢወማ በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር አለፈ፤ ጉባኤ ቤቶቹ ግን ዛሬም ደቀ መዛሙርት ያፈራሉ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ራሳችንን እንጠይቅ። ልጆቻችንን ሌላው እንዳይወስዳቸው እንሰጋለን፤ በአጥቢያችን ግን ምን ሥራ ሰጠናቸው? ጠቢቡ ሰሎሞን ወጣቱ ፈጣሪውን በጉብዝናው ወራት እንዲያስብ መክሯል (መክ. 12፥1)። ያን ምክር የሚፈጽምበትን ስፍራ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነው።