ተጨማሪ መረጃ፦ ግጥምን በጆሮ ማንበብ

በአማርኛ ግጥም በብዛት የምናገኘው ምጣኔ «የወል ቤት» ይባላል። እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረጋት አሉት፤ አንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ ስንኙ በሙሉ 12 ቀለም ይይዛል። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በዓይን አይደለም። «ትምህርት» ሲጻፍ 5 ፊደል ነው፤ እያጨበጨባችሁ ስትሉት ግን 2 ቀለም ብቻ ይሆናል፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ለብቻው አይቆጠርምና።

በክፍል ውስጥ እንዲህ ሞክሩት። ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን የመጀመሪያውን ሐረግ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይበል። ትንፋሽ የሚያርፍበት ቦታ ወዲያው ይሰማችኋል። ከዚያም ቦታ ተለዋወጡ። ብዙ ልጆች ቤት መምቻው (ስንኞቹ የሚያልቁበት ተመሳሳይ ድምፅ) ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ግን ግጥሙን ይጎዳዋል። ቤቱ ራሱ ስለሚመታ ጩኸት አያስፈልገውም፤ ኃይላችሁን ለሐሳቡ አቆዩት።

ንግግር ያለባቸው ግጥሞች ለመድረክ ይበልጥ ይመቻሉ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በግጥም የቀረቡ ተረቶች ስላሉት ለዚህ ጥሩ ምንጭ ነው። አንዱ ተራኪ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሁኑ። በቃል ለመያዝ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ገጸ ባሕርዩ ለምን እንዲህ እንዳለ ተወያዩ፤ ድምፃችሁን፣ ፊታችሁንና እጃችሁን የሚመራው ይኸው ነው።