ነጭ ቀሚስ በኤክስፖ

ዓጅማን ውስጥ ቡና ያቀረበችልኝ እህት ስልኳን አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ትመስላለች?» ፎቶው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በዱባይ ኤክስፖ የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን ከድንቅነሽ ቅጂ አጠገብ ቆማለች። የቀሚሷ የእጥፋት መስመር ገና አልጠፋም። እናቷ በሰው ከላኩላት ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የሚለበስበት ቀን አልተገኘለትም እንጂ።

ኤክስፖው በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2022 ድረስ 192 አገሮችን አስተናግዷል። የአንድ ቀን መግቢያው 95 ድርሃም ነበር፤ በወር ሺህ ድርሃም ለሚከፈላት ለእሷ የሦስት ቀን ድካም ነው።

«መጀመሪያ የገባሁት የማዳምን ልጅ በጋሪ እየገፋሁ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ነው። የሚቆላ ቡና ሸተተኝ፤ እግሬ በራሱ ሄደ። የምታፈላዋ ልጅ ‹ግቢ እንጂ፣ ቤትሽ ነው› ስትለኝ ዕንባዬ መጣ። በማግስቱ ገንዘብ መቋጠር ጀመርኩ፤ ቀሚሴን ለብሼ ልመለስ። ገንዘቡ ቶሎ ሞላ፤ ቀኑን ለማግኘት ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ።»

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የኤምሬቶች የ2017 ሕግ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጥ ነበር። በኤክስፖው መሀል፣ በጃንዋሪ 2022፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ ዞረ፤ ሻርጃማ ዓርብን ጨምራ ሦስት ቀን አደረገችው። እሷ በምትሠራበት ቤት ግን እንግዳ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ የሌሎችን ስደተኞች ታሪክ አገላበጥኩ። ረሃብና የመሬት ጥበት ከ1 ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያንን ወደ አሜሪካ አሰድዷል። በ1904 በሴንት ሉዊስ የዓለም ትርኢት ላይ ስዊድን አርክቴክቷ ፈርዲናንድ ቦበርግ የነደፈውን ቤት አገር ቤት አሠርታ በመርከብ አመጣች። ትርኢቱ ሲያበቃ ቤቱ ስደተኞቹ በ1869 ወደ ቆረቆሯት ወደ ሊንድስቦርግ፣ ካንሳስ ተወሰደ። ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ የልጅ ልጆቻቸው የበጋ አጋማሽ በዓላቸውን በዙሪያው ያከብራሉ። እኛም ለዚህ መድረክ እንግዳ አይደለንም፤ በ1967 በሞንትሪያል ኤክስፖ ቀይ ድንኳን የመሰለ ፓቪሊዮን ነበረን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተዋል።

የዱባዩ ፓቪሊዮናችን ዕቃስ የት ደረሰ? ለዚህ የሚቀርብ አንድ ባለሥልጣን ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቴ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉኝ፤ በሦስተኛው አላነሱም። የእሷ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ተመልሷል።

የ2030 ኤክስፖ የሚካሄደው ሪያድ ነው፤ እዚያም ብዙ እህቶቻችን በሰው ቤት ያገለግላሉ። አዘጋጆቻችን በኤክስፖው የኢትዮጵያ ቀን የሚከበርበትን ዕለት ከመቁረጣቸው በፊት፣ እነዚህ ሴቶች የሚያርፉት በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጠይቁልን።