«ይደገም» ማለት የማን መብት ነው?

እዚህ ሪያድ ያለ አንድ የወገኖቻችን ማኅበር አስተያየት እንድሰጥበት የላከልኝ ቃለ ጉባኤ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚከፈለው ወርሃዊ መዋጮ ይጨመር የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ዕለቱ ዓርብ ነው። የሌሊት ፈረቃ ያለባቸው ሾፌሮችና አሠሪዎቻቸው ቤት በሰዓቱ መግባት ያለባቸው እህቶች ተሰናብተው ሄዱ። ሲመሽ ከተሸነፉት አንዱ «በደንብ አላየነውምና ድምፁ ይደገም» አለ፤ ሰብሳቢው ፈቀደ፤ ጭማሪው አለፈ። ምልዓተ ጉባኤው ስላልጎደለ ሁሉም ሕጋዊ ነው ተባለ።

ለማኅበራት ደንብ ሳረቅ ደጋግሞ የሚገጥመኝ እምነት ይኸው ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ እስካለ ድረስ ጉባኤው የፈለገውን ድምፅ በፈለገው ሰዓት መድገም ይችላል ይባላል። አይችልም። ስንቴ እንዳስረዳሁ አላውቅም፤ አሁንም አስረዳለሁ።

አሜሪካዊው የጦር መሐንዲስ ሄንሪ ማርቲን ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመውና እየተሻሻለ ዛሬም ብዙ ማኅበራት የሚመሩበት የስብሰባ ደንብ ቁርጥ ያለ ነው። የተሰጠ ድምፅ እንደገና ይታይ ብሎ ሐሳብ ማቅረብ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ሐሳቡን መደገፍ ግን ማንም ይችላል። ጊዜውም ያው ቀን ነው፤ ጉባኤው ለቀናት የሚቀጥል ከሆነ እስከሚቀጥለው የስብሰባ ቀን ድረስ።

«ታዲያ ይህ አሸናፊውን ሁለት ጊዜ ማንገሥ አይደለም?» ይሉኛል። አይደለም። የተሸነፈ ሰው ውጤቱ እንዲለወጥ የሚመኘው ከመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው አዲስ ነገር መኖሩን አያሳይም። ያሸነፈው ሰው «ተጠራጠርኩ» ሲል ግን የተለወጠ ነገር አለ፤ ቤቱ ሊሰማው ይገባል። ይህ ገደብ ባይኖር የተሸነፈ ወገን ሁሉ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ያስደግም ነበር። በዚያ ዓርብ የሆነውም ይኸው ነው፤ የተጎዱትም ሰዓታቸው በእጃቸው ያልሆነ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ተሸናፊውም ቢሆን በር አልተዘጋበትም። የወደቀ ሐሳብ በሚቀጥለው ጉባኤ እንደ አዲስ ሊቀርብ ይችላል፤ አቅራቢውም ማንኛውም አባል ነው። አንድ ወር መታገሥ ይበቃ ነበር! ያለፈ ውሳኔም ቢሆን «ተወስኗልና አይነካም» የሚባል አይደለም፤ ሊሻር ይችላል፣ ቀን አይገድበውም። ሆኖም አስቀድሞ ማስታወቂያ ከወጣ አብላጫ ድምፅ ይበቃል፤ ካልወጣ ከድምፅ ሰጪዎቹ ሁለት ሦስተኛ ወይም ከጠቅላላው አባላት አብላጫ ይፈለጋል። ማስታወቂያው የሚጠብቀው ያልመጣውን ሰው ነው፤ ጉዳዬ ሊነሣ ነው ብሎ ፈቃድ እንዲጠይቅ ዕድል ይሰጠዋል። ተፈጽሞ ያበቃን ነገር ግን፣ ለምሳሌ ተከፍሎ ያለቀን የአስከሬን መሸኛ፣ ማንም ጉባኤ አይሽረውም።

ሐሳቡ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የእንግሊዝ አፈ ጉባኤ ጆን በርኮው መንግሥት ሁለት ጊዜ የወደቀውን የብሬግዚት ስምምነት ሳይለውጥ ዳግም ለድምፅ እንዳያቀርብ የከለከሉት ከ1604 ጀምሮ የቆየ ልማድ ጠቅሰው ነው። እዚሁ ሪያድ ያለው የሹራ ምክር ቤትም ውሳኔ የሚያሳልፈው ከ150 አባላቱ በአብላጫው ነው፤ ያ ካልተገኘ ጉዳዩ ዳግም ለድምፅ የሚቀርበው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው።

ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በእያንዳንዱ ድምፅ አጠገብ ሰዓቱን፣ የደጋፊውን፣ የተቃዋሚውንና የድምፀ ተአቅቦውን ቁጥር ጻፉ። «ይደገም» ያለው ሰው በመጀመሪያው ዙር ከየትኛው ወገን እንደነበር ጠይቁና እሱንም መዝግቡ። ድምፁ በምስጢር የተሰጠ ከሆነ ራሱ ከአሸናፊው ጋር እንደነበር ይናገር፤ ካልፈለገ ሐሳቡን ሌላ ያቅርብለት። እኔ የደረሰኝ ቃለ ጉባኤ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ይላል እንጂ ስንት ሰው ቀርቶ እንደነበር አንድም ቦታ አይናገርም።