ቀዛፊ የሌላት ጀልባ

ጢስ ዓባይ ላይ፣ ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙን በጀልባ የተሻገረ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። ባለ ጀልባው የጀልባይቱን አፍንጫ በቀጥታ ወደ ማዶ አያቀናም። ውኃው ወደሚመጣበት ገደድ አድርጎ ነው የሚይዛት። ለምን ቢሉ፣ ጀልባይቱ ወደ ማዶ ስትሄድ ወራጁ ደግሞ ወደ ታች ይገፋታል። ገደድ ብላ ከሄደች የምታርፈው ልክ መውረጃው ላይ ነው። በቀጥታ ያቀናት እንደሆነ ግን ከመውረጃው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ታች ምን እንዳለ ለጢስ ዓባይ ሰው አይነገርም።

ባለ ጀልባው ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በዓይኑ መውረጃውን ያያል። በእጁ የውኃውን ጉልበት ያውቃል። በጉንጩ ነፋሱን ይሰማል። ትንሽ ሲስት ትንሽ ይመልሳል። ጀልባ መምራት ማለት ይኸው ነው። የት እንዳሉ ማወቅ፣ የት እንደሚሄዱ ማወቅ፣ በመካከል የሳቱትን እያረሙ መሄድ።

ዛሬ እነዚህን ሦስት ነገሮች ያለ ሰው እጅ የሚሠሩ ጀልባዎች አሉ። ቀዛፊ የላቸውም፤ ተሳፋሪም የላቸውም። ወራት ሙሉ ውቅያኖስ ላይ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ውቅያኖስ ማለት ሺህ ጣና ጎን ለጎን ቢነጠፍ የማይሸፍነው ጨዋማ ባሕር ነው። እስቲ ከእነዚህ ጀልባዎች አንዷ እንዴት እንደተሠራች እናንብብ። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ሰውየው ሪቻርድ ጄንኪንስ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። ሲጀምር ጀልባ የመሥራት ሐሳብ አልነበረውም። በ1991 ዓ.ም. ገደማ ለንደን ከተማ፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በሚባለው ትምህርት ቤት የምሕንድስና ተማሪ ነበረ። በዚያን ጊዜ የያዘው ሐሳብ ሞተር የሌለው፣ በነፋስ ብቻ የሚሮጥ ባለ ጎማ መኪና መሥራት ነው። በነፋስ ከሚሄዱት መኪናዎች ሁሉ የሚፈጥነውን!

ነገሩ አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት። እንዲህ ላለው ሩጫ ውኃው የደረቀ፣ እንደ አውድማ የተስተካከለ የሐይቅ ወለል ያስፈልጋል። ነፋስም ያስፈልጋል። ነፋስ ደግሞ እንደምታውቁት በቀጠሮ አይመጣም። እህል የሚያዘራ ገበሬ አውድማ ላይ ሆኖ ነፋስ ሲጠብቅ ስንት ቀን ውሏል! ጄንኪንስም እንዲሁ ጠበቀ። በመጨረሻ መጋቢት 17 ቀን 2001 ዓ.ም. አሜሪካ አገር በደረቀ ሐይቅ ላይ በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር ሮጠ። የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ክብረ ወሰኑን በ2015 ዓ.ም. ሌላ ሰው ሰብሮታል። ዋናው ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ጄንኪንስ ስለ ነፋስ ያወቀው ነው። እሱን ማንም አልወሰደበትም።

የመኪናው ሸራ ከጨርቅ የተሠራ አልነበረም። እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጠንካራ ሆኖ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበረ። የጨርቅ ሸራ በገመድ ይሳባል፣ ይላላል፤ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ክንፍ ግን በቆመበት በነፃ ይዞራል። ከኋላው ትንሽ ጅራት አለችው። ጅራቲቱ ትንሽ ዘንበል ስትል ነፋሱ ራሱ ትልቁን ክንፍ ያዞረዋል። ገበሬ በሬውን ተሸክሞ አያዞረውም፤ ጅራፉን ያጮኻል፣ በሬው ራሱ ይዞራል። የጅራቲቱም ሥራ እንዲሁ ነው።

ታዲያ ጄንኪንስ ምን አሰበ? ይህን ክንፍ ጀልባ ላይ ብተክለውስ አለ። ክንፉን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል በጣም ጥቂት ስለሆነ ከፀሐይ የሚገኘው መብራት ይበቃዋል። ነዳጅ አያስፈልግም። ነዳጅ ካላስፈለገ ለመቅዳት መመለስ የለም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴልድሮን የሚባል ኩባንያ አቋቋመ።

አሁን ወደ ሦስቱ ነገሮች እንመለስ። ጀልባይቱ የት እንዳለች በምን ታውቃለች? በሳተላይት ነው። ሳተላይት ማለት ሰው ወደ ሰማይ የላከው፣ መሬትን የሚዞር መሣሪያ ነው። ከብዙ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብላ ያለችበትን ቦታ ታሰላለች። የት እንደምትሄድስ? የብስ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚህ ነጥብ ወደዚያ ነጥብ ሂጂ ብሎ ይልክላታል። መንገዱን ግን እሷ ናት የምትሄደው። ኮምፒዩተሯ ከመስመሩ ምን ያህል እንደወጣች ያያል፤ መሪዋንም ያዞራል።

እዚህ ላይ ብልሃት አለ። ብዙ የወጣች እንደሆነ ብዙ፣ ትንሽ የወጣች እንደሆነ ትንሽ ማዞር ያስፈልጋል። ሁልጊዜ በኃይል ብትዞር መስመሩን አልፋ ትሄዳለች፤ ስትመለስም እንደገና ታልፋለች። ታንኳ መቅዘፍ የጀመረ ልጅ አይታችሁ እንደሆነ፣ አካሄዱ እንደ እባብ ነው። አባቱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ እያለ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለማሽን ይህን የአባትየውን እጅ መስጠት ከባድ ሥራ ነው።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀልባይቱ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተነሥታ በ34 ቀን ሐዋይ ደሴት ደረሰች። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌላዋ በዓለም ደቡብ ጫፍ ያለውን፣ አንታርክቲካ የተባለውን በረዷማ አህጉር ዞረች። ከጥር 11 እስከ ሐምሌ 27 ድረስ 196 ቀን ፈጀባት። ከ22 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ያለ ሰው ያን አህጉር የዞረች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ግን ይበልጣል። ሳም የሚባል ብርቱ አውሎ ነፋስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተነሥቶ ነበር። ሰባት ሜትር ርዝመት ያላትን አንዲት ጀልባ ሆን ብለው ማዕበሉ ውስጥ ሰደዷት። ማዕበሉ እስከ 15 ሜትር ይነሣ ነበር። ዛፍ የሚነቅለው ነፋስ በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። ጀልባይቱ በዚያ መካከል ሥዕል እያነሣች ላከች። አልሰጠመችም።

ዕብደት ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከባሕሩ ሙቀት ነው። ሙቀቱን እዚያው ሄዶ የለካ፣ ማዕበሉ የብስ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚበረታ አስቀድሞ መናገር ይቀለዋል። በጊዜ የተነገረው ሰው ልጆቹን ይዞ ይሸሻል። ለዚህ ሥራ ሰው ያለበት መርከብ መላክ አይቻልም። የጄንኪንስ ንግድም ይኸው ነው። ጀልባዎቹ የለኩትን ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት ይሸጣል።

እንዲህ ያለች ጀልባ ለጣና ትሆናለች? ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ገብቶበታል። ደለል በየክረምቱ ይገባበታል። ጥልቀቱን ቀን ከሌት የምትለካ፣ እምቦጩ ዛሬ በየት በኩል እንደተገፋ የምትናገር ትንሽ ጀልባ ብትኖር ዓሣ አጥማጁም ገበሬውም ይጠቀማል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ሥራ የተማሩ ወጣቶች አሉ፤ በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረው የሠሩም አሉ። ዕውቀቱ ከሐይቁ ዳር ሩቅ አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። የውቅያኖስ ጀልባ ከሥሯ ወደ ውኃው የሚገባ ረጅም ክንፍ አላት። ያ ክንፍ እምቦጭ ውስጥ ቢገባ ይጠለፋል። የጣናዋ ጠፍጣፋ ሆና እንደገና መሠራት ይኖርባታል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ውቅያኖስ ላይ መርከቦች «እኔ እዚህ ነኝ» የሚል የራዲዮ ምልክት ይለዋወጣሉ፤ ሌሊትም መብራት ያበራሉ። የጣና ታንኳ ከደንገል የታሰረች ናት። ራዲዮ የላትም፤ መብራትም የላትም። ውኃው ላይ ዝቅ ብላ፣ እንጨት ወይም ዓሣ ተሸክማ፣ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ባለ ሞተር ጀልባ ቢመጣባት ታንኳው ላይ ያለው ሰው ይጮኻል፤ የሰማ ይመልሳል። ሰው የሌለባት ጀልባ ግን ጩኸት ሰምታ እንድትመልስ፣ ተንሳፋፊ የደንገል ክምርንም ሰው ከተቀመጠባት ታንኳ በጨለማ እንድትለይ መጀመሪያ ሊያስተምራት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ታንኳ ላይ ተቀምጦ ያደረ መሆን አለበት።