የጂብሰም ቦርድ ሳይለኩ መግዛት ያስከፍላል

የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ዝናብ ይበዛበታል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ሱቁን ወይም የእንግዳ ማረፊያውን በጂብሰም ቦርድ የከፈለ ባለሀብት፣ ከጣሪያ በሚያፈስ ውኃ ወይም ከወለል በሚወጣ እርጥበት የተበላሸውን መቀየሩ አይቀርለትም። ኪሳራው የሚብሰው ግን የአዲሱ ቦርድ ውፍረት ከነባሩ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው።

የተለመዱት ልኮች 9.5፣ 12.5 እና 15 ሚሊ ሜትር ናቸው። የነበረው 12.5 ሆኖ በ9.5 ከተተካ ግድግዳው በ3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የበሩም መቃን ከግድግዳው ጋር አይስተካከልም። ጎድጓዳው በወፍራም ስቱኮ ቢሞላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ለሚመጣለት ሰው ስህተቱ ሌላ የጭነት ሂሳብ ነው።

ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ካልተበላሸው ቦታ ጥቂት ቆርጦ፣ ቀለሙንና ስቱኮውን ፍቆ መለካት ይገባል። ውኃ የነካው ቦርድ ስለሚያብጥ ልኩ ያሳስታል። ተመሳሳዩ ከገበያ ከጠፋ፣ በፍሬሙ ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ቁራጭ አስቀድሞ መትቶ 9.5ቱን በላዩ ማሰር ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ውኃው የሚገባበት ይደፈን፤ አለዚያ አዲሱም የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል።