ሩቅ ቤት ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን የሚያፈላልግ ሰው ከደላላ አፍ የሚሰማው አንድ ቁጥር ነው፤ የቤቱን ዋጋ። መሃል ከተማ ያለው ውድ ነው፣ ዳር ያለው ይረክሳል፤ ስለዚህ አቅሙ የማይፈቅድለት ወደ ዳር ይወጣል። ዳር ያለ ቤት ዋጋ ግን ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱን ሻጩና ባንኩ ይቀበሉታል፣ ሌላውን የታክሲ ረዳት በየቀኑ ይሰበስበዋል። ሁለተኛው ክፍያ ውል ላይ ስለማይጻፍ ብዙ ገዢ ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ደምሮ ማየት ግን ከባድ አይደለም፤ የደመወዝ ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ።

ቤቶቹ ለምን ራቁ?

የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ገርጂ ላይ ነበር። በኋላ ፍላጎቱ እየጨመረ ሄደ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ብቻ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዝግቧል። ይህን ያህል ቤት የሚሠራበት ሰፊ ባዶ መሬት ያለው የከተማው ጠርዝ ላይ ነው። እነ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ግን ቤቱን ተከትሎ አልሄደም። የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ሚኒስቴሮች፣ ትልልቅ የግል ድርጅቶችና ሆስፒታሎች በአብዛኛው ዛሬም ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም፣ ከዚያም እስከ ቦሌ ባለው መሃል ላይ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የምሥራቁ ጫፍ ግን አያት ላይ ያበቃል። አራብሳ የገዛ ሰው ባቡሩን ለመያዝ መጀመሪያ ታክሲ መያዝ አለበት።

መነሻው እጅ የሚገባው ደመወዝ ነው

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቤት ዋጋ፣ ኪራይና የታክሲ ሒሳብ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ፣ እዚህ ያሉትን ቁጥሮች ለስሌት እንደተመረጡ ቆጥረው በራስዎ ይተኳቸው።

ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የእሱ ደመወዝ 40,000፣ የእሷ 30,000 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚያ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ሁሉም ሲቀነስ እሱ 25,250፣ እሷ 19,450 ብር ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ 44,700 ብር። ጎረቤት “እናንተ እኮ 70 ሺህ ታገኛላችሁ” ቢልም በጀቱ የሚሠራው በ44,700 ነው።

አሁን የሚኖሩት ገርጂ፣ በ18,000 ብር ኪራይ ነው። ትራንስፖርት ለእያንዳንዳቸው በቀን 60 ብር ይፈጅባቸዋል። በወር 22 የሥራ ቀን ሲታሰብ ለሁለቱ 2,640 ብር ይሆናል። ቤትና መንገድ ሲደመሩ 20,640 ብር፤ ከተጣራ ገቢያቸው 46 በመቶ ማለት ነው።

ቦሌ አራብሳ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በ2.5 ሚሊዮን ብር አገኙ እንበል። በቁጠባ፣ በዕቁብና ከዘመድ በተገኘ እርዳታ 1.5 ሚሊዮን አላቸው። ቀሪውን አንድ ሚሊዮን ከባንክ በ17 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚመለስ አድርገው ይበደራሉ። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 15,390 ብር ይመጣል።

“ከኪራዩ እኮ ያንሳል!” የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቀጥለን እንደምር። ከአራብሳ ሜክሲኮ ሁለት ሦስት ታክሲ ነው፤ ረዳቶች መንገድ ሲያቆራርጡ ደግሞ ይጨምራል። ደርሶ መልሱን በሰው 150 ብር ብንይዘው ለሁለቱ በወር 6,600 ይሆናል። ሲመሽ ወይም ዝናብ ሲጥል በወር አራቴ በ500 ብር ራይድ ቢጠሩ 2,000 ይጨምራል። ለብሎኩ ጥበቃ፣ ጽዳትና ለጥቃቅን ጥገና 1,200 ብር ይያዙ። ድምሩ 25,190 ብር፣ ከተጣራው ገቢ 56 በመቶ ነው። ከኪራዩ ያነሰ የመሰለው ቤት ከአሁኑ ኑሯቸው በወር 4,550 ብር ይበልጣል።

መንገዱን ወደ ብድር መቀየር

በዚህ ምሳሌ እያንዳንዱ 100,000 ብር ብድር በወር ወደ 1,540 ብር ያስከፍላል። ስለዚህ በወር 1,540 ብር የትራንስፖርት ወጪ የሚያድን ሰፈር፣ ዋጋው በ100,000 ብር ቢበልጥም ከኪስ የሚወጣው እኩል ነው።

የእኛ ጥንዶች አራብሳ በመግባታቸው ለመንገድ በወር 5,960 ብር ይጨምራሉ፤ 3,960 ለታክሲ፣ 2,000 ለራይድ። ይህ ገንዘብ ወደ 387,000 ብር ብድር ይከፍል ነበር። እንግዲያው የአራብሳው ቤት ለእነሱ የ2.5 ሚሊዮን ሳይሆን ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ነው። ገርጂ አካባቢ ወይም በባቡሩ መስመር ላይ በ2.85 ሚሊዮን አንድ ስቱዲዮ ቢገኝ፣ ክፍሉ ቢጠብም በገንዘብ ረገድ አይበልጥባቸውም። ባንኩ ያን ያህል ያበድራቸዋል ወይ የሚለው ግን ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ስሌቱ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። ባልየው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ቤቱ አጠገብ ቢያነሳው፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ቢኖረው፣ 3,300 ብር ይቀርለታል። ይህ ከ214,000 ብር ብድር መቀነስ ጋር እኩል ነው። ሰርቪሱ የት የት እንደሚቆም መጠየቅ ከሻጭ ጋር ከሚደረገው የዋጋ ክርክር ያላነሰ ጥቅም አለው።

ብር የማይለካው ደግሞ ጊዜው ነው። ከገርጂ 45 ደቂቃ የነበረው መንገድ ከአራብሳ ሁለት ሰዓት ቢሆን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይጨመራል። በወር 55 ሰዓት፣ ከአንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት በላይ ማለት ነው። ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ ጊዜ ራሱ ገንዘብ ይሆናል፤ ወላጅ ሲዘገይ ሞግዚት ወይም የትምህርት ቤት ሰርቪስ ያስፈልጋል። ማታ የሚማር ወይም ትርፍ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ትምህርቱን ወይም ገቢውን ሊያጣ ይችላል።

ኪራይም ቆሞ አይጠብቅም

እስካሁን ያለው ስሌት ለኪራይ ያደላ ይመስላል። ኪራይ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። የእነዚህ ጥንዶች ኪራይ በዓመት 10 በመቶ ቢያድግ፣ ዛሬ 18,000 የሆነው በአምስት ዓመት 29,000 ይጠጋል። የባንክ ክፍያው ግን ወለዱ ካልተቀየረ 15,390 ላይ ይቆያል። የትራንስፖርት ዋጋ ባለበት ቢቆም፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ኪራይና መንገድ ሲደመሩ 26,600 ብር ይሆናሉ፤ ያኔ መግዛቱ ይረክሳል። ስለዚህ ቤት ገዝቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሚለቅ ሰው ሒሳቡ አያዋጣም፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ግን እየቀለለ ይሄዳል።

ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቆየትም ዋጋ አለው። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን፣ የኑሮ ውድነቱ ከዚያ በላይ ሲሮጥ ቆይቷል። “ቆይ ትንሽ ላጠራቅም” ያለ ሰው፣ ያጠራቀመው ሲደርስ የቤቱ ዋጋ ጥሎት ሄዶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ተከራይ እንደ ቀድሞው በየስድስት ወሩ ዕቃ እየጫነ የሚዞርበት ሁኔታ በሕግ ተገድቧል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ የጭማሪውን ጣሪያም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ያስታውቃል። የተመዘገበ ውል በእጁ ያለው ተከራይ አከራይ በፈራ ቁጥር የማይሆን ቤት ለመግዛት አይገደድም።

ብድሩ ውስጥ ያለው

ከመጀመሪያው ወር 15,390 ብር ክፍያ ውስጥ 14,167 ብሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 1,223 ብር ብቻ ነው። በ15 ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮኑ 2.77 ሚሊዮን ሆኖ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጨማሪ ብር ማስገባት ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከጊዜው በፊት መክፈል ይቻል እንደሆነና ቅጣት ይኖረው እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ባንኩ ወለዱን የማሻሻል መብት በውሉ ላይ ይዞ እንደሆነም ያንብቡ። 17 በመቶው 19 ቢሆን ክፍያው ወደ 16,800 ብር ይወጣል። ያን ወር ልጅ ቢታመም ምን ይሆናል የሚለውን አስቀድሞ መመለስ ይሻላል። እንደ መነሻ የባንክ ክፍያው ከተጣራ ገቢ አንድ ሦስተኛ፣ ክፍያው ከመንገድና ከሌላ የቤት ወጪ ጋር ሲደመር ደግሞ ግማሹን ባያልፍ ጥሩ ነው። የእኛ ጥንዶች የመጀመሪያውን ጥቂት አልፈውታል፣ ሁለተኛውን በግልጽ ጥሰውታል።

ያለዎትን ሁሉ ለሻጭ አይስጡ። በስም ዝውውር ላይ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ ብቻ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው፤ ለ2.5 ሚሊዮኑ 50,000 ብር። ሌላ የአገልግሎት ክፍያና የደላላ ኮሚሽን አለ። ቤቱ ሳይጨረስ የተረከቡት ከሆነ ሴራሚክ፣ የውስጥ በር፣ የኩሽና ካቢኔት፣ የመታጠቢያ ዕቃና ቆጣሪ ይከተላሉ።

እዚያ ገዝቶ እዚህ መኖር

ብዙ የከተማው ሰው ዳር ያለውን ቤት አከራይቶ ራሱ ሥራው አጠገብ ይከራያል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ብድሩ ትንሽ ሲሆን ነው። ጥንዶቹ የአራብሳውን በ9,000 ብር ቢያከራዩና ገርጂ ቢቆዩ በወር 27,030 ብር ይወጣባቸዋል፤ አይችሉትም። ብድራቸው ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ቢሆን ግን ወጪው 19,335 ይሆናል፣ ከዛሬው ያነሰ። ከዚህ ላይ የኪራይ ገቢ ግብሩንና ቤቱ ባዶ የሚከርምባቸውን ወራት ያስቡ።

ከመፈረም በፊት

ሰኞ ጠዋት በ12 ሰዓት ሳይቱ ላይ ተገኝተው ታክሲ ተሰልፈው ሥራዎ ይግቡ፤ ማታም በዚያው ይመለሱ። እሁድ ከሰዓት በደላላ መኪና የታየ መንገድ የሥራ ቀኑን አይመስልም። ከነዋሪዎች ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚወጣ ይጠይቁ። ሊፍት የሌለው ብሎክ ላይ አራተኛ ፎቅ ሲረክስ ምክንያት አለው፤ ጀሪካን ተሸክመው ቢወጡ ይገባዎታል።

ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ሻጭ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን ያረጋግጡ። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ የሚከለክል ገደብ ስላለ አንዳንዱ በውክልና ይሸጣል። ወካዩ ውክልናውን ሲሽር ወይም ሲሞት ገዢው ለክርክር ይጋለጣል፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚረክሰው አደጋው ወደ ገዢው ስለሚተላለፍ ነው።

የእኛ ጥንዶች ምን ያድርጉ? ብድራቸውን ከአንድ ሚሊዮን ወደ 700,000 ብር ቢያወርዱ ክፍያው 10,770 ያህል ይሆናል፤ ከመንገዱና ከሌላው ወጪ ጋር 20,570 ብር፣ ዛሬ ተከራይተው ከሚያወጡት ጋር እኩል። ስለዚህ 300,000 ብር እስኪያክሉ መቆየት፣ ወይም ሻጩን ማስቀነስ፣ ወይም ሰርቪስ የሚደርስበት ሳይት መምረጥ፣ ወይም ክፍል ቀንሰው ወደ ሥራቸው መቅረብ ይችላሉ። ከአራቱ አንዱ ከተሳካ ይግዙ። አንዱም ካልተሳካ በተመዘገበው የኪራይ ውላቸው መቆየታቸው ያዋጣቸዋል።